ግልጽ ደብዳቤ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ እና ለሥራና ሥልጠና መምሪያ

ጉዳዩ፦ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱና ስለሚመለሱ ወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሸዋ ሮቢት ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሰው «ዶክተር» ይለናል፤ አይደለንም። ሐኪም ቤት መሄድ የሚያፍር ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚያማክረው እኛን ነው። ስለዚህ ብዙ እንሰማለን። በአደባባይ የምጽፍላችሁም ጉዳዩ የአንድ ቤት ስላልሆነ ነው። ከመንዝ የወረደችውም፣ ከአጣዬ የመጣችውም፣ እዚሁ ቀወት ገጠር ያደገችውም የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው።

ከተማችን የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ናት። መንገደኛ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ ጃኬቱን የሚያወልቅባት። ዐረብ አገር የሚሄደው ልጅ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በኮንትራት፣ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ይሄዳል። ሌላው በኮምቦልቻ አድርጎ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይሻገርና ወደ ሳዑዲ ያቀናል። ልጆቹ ይህኛውን «በባሕር» ይሉታል። ሁለቱም ዓይነት ደንበኛ አለኝ።

በኮንትራት ከምትሄደው ልጀምር። እሷ «ሜዲካል» ትሠራለች። ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይታያል። የእርግዝና ምርመራ አለ። ለሳንባ ነቀርሳ ደረቷን ራጅ ትነሣለች። ካለፈች «ፊት»፣ ከወደቀች «አንፊት» ትባላለች። ምርመራውን አልቃወምም፤ አገር የሚገባበትን ሰው መመርመር መብቱ ነው። ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማን ነው? ለተቀባዩ ነው። የልጅቷን ጤንነት አሠሪዋ በወረቀት ያውቃል። የአሠሪዋን፣ የጎረምሳ ልጁን፣ የሾፌሩን ጤንነት ለእሷ የሚነግራት የለም። እዚህ አገር ከቤቷ እስክትወጣ ድረስም ገላዋን ለራሷ እንዴት እንደምትጠብቅ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት ሰው ማግኘቷ የዕድል ጉዳይ ነው።

አንዷ ሜዲካል ወድቃ መጣች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ወሽቃዋለች። «ጋሼ፣ ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። የላካት ኤጀንሲ «አላለፍሽም» ከማለት ሌላ የነገራት ነገር የለም። እሷ ኤች አይ ቪ መስሏት ደርቃለች። ወረቀቱ የሚለው ሄፓታይተስ ቢ ነው። እናትየው ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው የባህል ሐኪም ጋ ሊወስዷት ተነሥተዋል። ሆስፒታል ሄዳ ጉበቷን መታየት እንዳለባት፣ ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ እንደሚተላለፍ፣ ቤተሰቡም ተመርምሮ ነፃ የሆነው መከተብ እንደሚችል ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «በባሕር ከሄድኩ ይኼን ነገር ያዩብኛል?»

በባሕር ሜዲካል የለም። ደላላው ደም አይመረምርም። ሜዲካል የወደቀች ልጅ ውጤቷ በወጉ ካልተነገራትና ሕክምና ወዳለበት ካልተመራች ቀጥታ የምትሄደው ደላላው ጋ ነው። ኤች አይ ቪ የተገኘባትም እንደዚያው። እዚህ አገር መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በአግባቡ የምትወስድና ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አታስተላልፍም። ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች። በባሕር ሄዳ ሳዑዲ ብትደርስ ግን መድኃኒቱን በድብቅ እንኳ የሚሰጣት አታገኝም፤ ከተገኘባት ትባረራለች። ይህን ልዩነት ውጤቱ በተነገራት ደቂቃ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል። «አንፊት» ብሎ ወረቀት መስጠት አይበቃም።

ወደ ባሕር መንገደኞቹ ልምጣ። እነሱ ሊሄዱ ሲሉ የሚያደርጉትን ነገር የጤና ጣቢያ ነርስ ሁሉ ያውቀዋል። የሦስት ወር መርፌ ይወጋሉ። ያላገባች፣ ጓደኛ የላትም የምትባል ልጅ መጥታ መርፌውን ትጠይቃለች። ለምን ብትባል ትስቃለች ወይ መሬት መሬት ታያለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንገድ ላይ እንደሚደፍሯት ታውቃለች። ቀድመው የሄዱት ነግረዋታል። እንግዲህ ልጅቷ መደፈሩን እንደ ትራንስፖርት ወጪ ቆጥራ በጀት ይዛለታለች ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ነገሩ ይኼው ነው።

መርፌው እርግዝናን ይከላከላል። ያውም ለሦስት ወር፤ መንገዱና የመን ላይ የሚታገቱበት ጊዜ አንዳንዴ ከዚያ ይረዝማል። ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላኖን 3 ዓመት ይሠራል፤ ለ2 ዓመት ኮንትራት ይተርፋል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ኤች አይ ቪን አይከላከልም። ጨብጥን፣ ቂጥኝን፣ የጉበት ቫይረስን አይከላከልም። «መርፌ ወግቻለሁ፣ ምንም አልሆንም» የምትል ልጅ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። መርፌውን የሚሰጥ እጅ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

ሌላው አገር ሰው ሲልክ እንዴት እንደሚያደርግ እንይ። ደብረ ብርሃን ያደጉ ትልልቅ ሰዎች «ፒስ ኮር»ን ያስታውሳሉ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች አገራችን ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪዎች። በደርግ ጊዜ ወጡ፣ ኋላም ተመለሱ። የአንድ ፈቃደኛ አገልግሎት 27 ወር ነው። ወደ 3 ወሩ ሥልጠና፣ የቀረው 2 ዓመት ሥራ። የእኛም ልጆች ኮንትራት አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ነው። ፈረንጁ ሲሄድ በሄደበት አገር ድርጅቱ የመደበለት የሕክምና ባለሙያ አለው። ስለ ኮንዶም፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ መደፈር በግልጽ ይነገረዋል። ኮንዶም በነፃ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ፈቃደኞቹ ጥበቃ ሕግ አወጣ። ሕጉ የጾታ ጥቃት እንዴት እንደሚከላከሉ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ለተጠቁትም የሚቆምላቸው ሰው እንዲመደብ ያስገድዳል። በደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። ተደፍረን ሰሚ አጣን ያሉ ሴቶች በአደባባይ ስለጮኹ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በነዚሁ ፈቃደኞች ላይ ቀደም ብሎ የተደረገ ጥናት ነበር። ብዙዎቹ በሄዱበት አገር ጓደኛ ይዘዋል፤ ሁልጊዜ ኮንዶም የተጠቀሙት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ኮሌጅ የጨረሰ፣ ሐኪም የተመደበለት፣ ኮንዶም በነፃ የሚያገኝ ሰው ነው እንግዲህ። ከአገር ርቆ መኖር ሰውን ይለውጠዋል። ጎረቤት አያይም፣ ንስሐ አባት የሉም፣ እናት ደጅ ላይ ቆማ አትጠብቅም። ብቸኝነቱ አለ። መጠጥ ያለበት አገር ከሆነ መጠጡ አለ። ስለዚህ አንዲት ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ ጓደኛ ያዘች ሲባል «ድሮም ባለጌ ነበረች» የምንለውን ነገር እንተወው። የተማረውንም ያልተማረውንም፣ ነጩንም ጥቁሩንም የሚገጥም ነገር ነው። ልዩነቱ አንደኛው ተነግሮት ይሄዳል፤ የእኛዋ ሳይነገራት።

በኮንትራት ከመሄዳቸው በፊት ከሚሠለጥኑት ልጆች እንደምሰማው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ ካውያ፣ ስለ ማዳም ቤት ሥርዓት፣ ስለ ጥቂት የዐረብኛ ቃላት በደንብ ይማራሉ። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳይ ሲሆን ግን «ራሳችሁን ጠብቁ» ይባላል፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ ይታለፋል። ራስን መጠበቅ እንዴት ነው? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሚሄድ ሰው ገለጻ እንዲሰጥ ይላል። ሕጉ ካለ ቦታው አለ ማለት ነው። ይዘቱ ላይ እንነጋገር።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራት ስለ 72 ሰዓት ነው። የተደፈረች ወይም ኮንዶም የተቀደደባት ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከጀመረችና 28 ቀን ሳታቋርጥ ከወሰደች በቫይረሱ የመያዝ ዕድሏ እጅግ ይቀንሳል። በቶሎ ሲሆን የበለጠ ይሠራል፤ ሦስት ቀን ካለፈ አይሰጥም። ለእርግዝና ደግሞ ፖስትፒል እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። እዚህ ፖስትፒል ከእኔ መደርደሪያ ላይ አለ። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን እንዲህ በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የእርግዝና መከላከያዋን አስባ መሄድ አለባት፤ ጓደኛ ኖራትም አልኖራትም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚነገራት ስለ ሕጉ ነው። በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳያገቡ ማርገዝ እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ተደፈርኩ ያለችም ሴት ራሷ ተከሳሽ የምትሆንበት ጊዜ አለ። «ከፊል» በሚሉት ዋስ አሠሪ ስም የተያዘች ሠራተኛ ከማዳም ቤት ከጠፋች ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ይበላሻል፤ ኢቃማ የሌላት ሴት ደግሞ ክሊኒክ ለመግባት ትፈራለች። ጠፍተው ቤት ተጋርተው የሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ «የሚጠብቀኝ ሰው» ብለው ወንድ ይይዛሉ። ያ ሰው ኮንዶም አልፈልግም ካለ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለች ልጅ «እምቢ በይ» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ቆንስላው የት እንደሆነ፣ ስልኩን በቃሏ መያዝ እንዳለባት፣ ቢያንስ ሳትታከም ማደር የሌለባትን ምልክት መንገር ግን ይቻላል።

ምልክት ስል አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ጨብጥና ክላሚዲያ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩም። ዝም ብለው ይቆዩና የማህፀን ቱቦ ያበላሻሉ። ከዐረብ አገር መጥታ፣ አግብታ፣ ልጅ እምቢ ያላት ሴት ጠበል ለጠበል ስትንከራተት አይታችሁ ይሆናል። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ሐኪምም አብሮ ይያት። ምርመራው ባልየውንም ይጨምር፤ ጣቱ ሁልጊዜ ወደ እሷ ነው የሚቀሰረው።

የወንዶቹ ነገር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ኮንዶም ፈልጎ የገባ ጎረምሳ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይገዛል። ፓራሲታሞሉን ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ፣ ከኋላው ሰው አለመኖሩን አይቶ ነው በአገጩ ወደ ሕይወት ትረስቱ የሚያመለክተኝ። ሽንቱ ያቃጠለው ደግሞ «ካፕሱል ስጠኝ» ይላል። የምኑን? «ያቺ ቀይና ጥቁሯን»። ሦስት አራት ፍሬ ውጦ መግሉ ሲቀንስ ዳንኩ ብሎ ይተዋል። ጨብጥ ግን ድሮ ይበቃው የነበረውን መድኃኒት ዛሬ ተላምዶታል። አሁን የሚሰጠው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፣ ከአዚትሮማይሲን ጋር፤ የትዳር ጓደኛውም አብራ ትታከማለች። ጤና ጣቢያ ሂድ ስለው «እዚያ የማውቀው ሰው አለ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ከተማ ነች።

የሚመለሱትን በተመለከተ አንድ ጉዳይ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። የሠርግ ምርመራው ነገር። ልጅቷ ወይም ልጁ በታኅሣሥ ይመለሳል፣ ቤተሰብ ሽማግሌ ጨርሶ ጠብቋል፣ በጥር ሠርግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ቤተሰቡም የደም ምርመራ ወረቀት ይጠይቃል። ጥሩ ልማድ ነው። ግን ሰው በኤች አይ ቪ ከተያዘ በኋላ በተለመደው ፈጣን ምርመራ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ከሳምንት በፊት የደረሰ ሰው ዛሬ «ነፃ» ቢባል ወረቀቱ የሚናገረው ከወራት በፊት ስለነበረው ነው። በሦስተኛው ወር ይደገም፣ እስከዚያ በኮንዶም ይቆዩ ብሎ መምከር የጤና ጣቢያው ነርስ ሥራ ነው። ቂጥኝም አብሮ ይታይ። ጀማሪ ቂጥኝ በአንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ካልታየ ግን በእርግዝና ወደ ልጅ ያልፋል።

ተደፍራ አርግዛ የምትመለስም አለች። ለዚች ሴት ሕጉ በር ክፍት አድርጎላታል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ጽንስ በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ለማስረጃ የእሷ ቃል ይበቃል ይላል። ክስ አቅርቢ፣ ሰውየውን አምጪ አትባልም። ውሳኔው የእሷ ነው፤ የእምነት ጉዳይ እንዳለበትም አውቃለሁ። ነገር ግን አማራጩ መኖሩን ሳታውቅ ቀርታ ጓሮ ለጓሮ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ መውደቅ የለባትም።

ክትባትም አለ። የጉበት ቫይረስ ቢ ለአዋቂ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ የያዘች ልጅ ያኔውኑ ብትጀምር ሁለቱን ጨርሳ ትሄዳለች። የሕፃናቱ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደችው አልደረሳትም። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያውም ለ14 ዓመት ልጆች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያመለጣቸው ሴቶች 30 ሲሞላቸው ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ ይነገራቸው። ከዐረብ አገር ሲመለሱ እዚያ ዕድሜ ላይ የደረሱ አሉ።

አሁን የምጠይቃችሁን ልናገር። በጀት የሚጠይቅ አይደለም ማለት ይቻላል። በሥልጠናው ውስጥ ግማሽ ቀን ስጡን። የሚያስተምረው ሴት ነርስ ትሁን፤ ለወንዶቹ ወንድ። ኤጀንሲና ደላላ እዚያ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ ልጆቹ ገብተው እኔን ሲያዩ «ሴቷ የለችም?» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ከሄደች ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ! ስለዚህ ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለቀ ነው።

ጤና መምሪያው ደግሞ የሦስት ወር መርፌ የሚሰጡ ነርሶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን «ልትሄጂ ነው እንዴ?» ብለው እንዲጠይቁ ያሠልጥናቸው። ይህ ጥያቄ ለፖሊስ ለመንገር አይደለም። አትሂጂ ለማለትም አይደለም። ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድ ታግዶ ነበር፤ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተባርሮ በመጣበት ሰሞን። ልጆቹ ግን መሄድ አላቆሙም፤ በባሕር ሄዱ። ስለዚህ ትሄዳለች ብለን እንነሣ። መርፌው ምን እንደማይከላከል ይነገራት፣ ኮንዶም ይሰጣት፣ 72 ሰዓቱን ትያዝ።

ለተመላሾችም የተለየ መስኮት አትክፈቱ። «የተመላሾች ክፍል» የሚል ሰሌዳ ከተለጠፈ ማንም አይገባበትም። በተለመደው ክፍል፣ በተለመደው ካርድ ይታዩ። ካርዱ ላይ «ከዐረብ አገር» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አይቻለሁ፤ ያቺ ልጅ ሁለተኛ ወደዚያ ጤና ጣቢያ አልተመለሰችም። ሜዲካል የወደቁትም ውጤታቸው በግል ይነገራቸው፤ ከኤጀንሲዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን መንገድ አብጁ።

የመንገዱ ሰላም እንደፈቀደ ለሚቀጥለው የሥልጠና ዙር እኔና ባልደረባዬ ያለ ክፍያ ለመምጣት ፈቃደኞች ነን። እሷ ታስተምራለች፣ እኔ ኮንዶሙን ተሸክሜ እመጣለሁ። ከገበያ ቀን በቀር በማንኛውም ቀን ይመቸናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከሸዋ ሮቢት አንድ ፋርማሲስት

ግልባጭ፦
ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
በጥር ሠርግ ለደገሱ ቤተሰቦች